ባለቤቴ የሠራት የእንግሊዝ መርከብ

ባለቤቴ እሁድ እሁድ መርከብ ይሠራ ነበር። ባሕር በሌለበት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር በነበረው ቤታችን በረንዳ ላይ፣ ከምሳ በኋላ ሸሚዙን አውልቆ በካናቴራ ተቀምጦ። አዲስ መርከብ መስሏችሁ እንዳይሆን። እንግሊዞች በሁለቱ ታላላቅ ጦርነቶች መካከል ሠርተዋት፣ በኋለኛው ጦርነት ተገልብጣ የሰጠመች አንዲት የጦር መርከብ ነበረች፤ እሷን ነው እንደገና የሚሠራት። ከነዳፊዎቿ ጠረጴዛ አጠገብ ወንበር ስቦ የተቀመጠ ይመስል «እዚህ ጋ ነው የተሳሳቱት» ይልና ስህተታቸውን ያርማል።

ካረፈ ወዲህ ስለ እሱ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ አንዳንድ ቀን አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ እነሣለሁ። ስለ ደግነቱ ልጀምር እልና የማንም ባል ይሆንብኛል። መርከቧን ሳስብ ግን ራሱ ይመጣል፤ በእጁ የያዘው የመበየጃ ካዊያ፣ የቀለጠው ቆርቆሮ ሽታ፣ ላሜራ ሲቆርጥ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ የሚይዘው ነገር። ስለዚህ በመርከቧ ጀመርኩ።

ጣልያን አገራችንን በያዘ ጊዜ ባለቤቴ ገና ጢም ያላበቀለ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበር። በጅቡቲ በኩል ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ ኤደን ገባ፤ እዚያም መርከብ በሚጠገንበት ቦታ ሥራ አገኘ። አንድ ቀን ለጥገና በገባች የጦር መርከብ ሆድ ውስጥ ቧንቧ ሲፈታ፣ ከምድጃው ጀርባ አንድ ሰው ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በሶማልኛ ሲሳደብ ሰማ። እንዲህ አድርጎ የሚሳደብ ሰው ከየት እንደሚመጣ ወዲያው አወቀ። የድሬዳዋ፣ የመጋላ ሰፈር ልጅ ነበር። እንግሊዞች በዚያ ባሕር ለሚዘዋወሩ መርከቦቻቸው ሶማሌዎችን ለእሳት ሥራ ይቀጥሩ ነበርና እሱም የመርከቧ እሳት አንዳጅ ነበር። ሁለቱ የአንድ ከተማ ልጆች መርከቧ ተጠግና እስክትወጣ ድረስ አልተለያዩም። ስትወጣ ከበፊቱ የበዛ መድፍ ከላይዋ ተጭኖባት ነበር። ባለቤቴ ወደብ ዳር ቆሞ ሲሸኛት፣ ለመዞር ወደ ጎን ዘንበል ብላ ለመቃናት እንደዘገየች አየ። ያችን መዘግየት ዕድሜውን ሙሉ አልረሳትም።

ጦርነቱ አልቆ ባለቤቴ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ባቡር ጥገናው ሲመለስ እሳት አንዳጁ አልተመለሰም። መርከቧ ተመትታ፣ ውሃ በአንድ ጎኗ ገብቶ ተገለበጠች፤ ከታች ከነበሩት የወጣ የለም። ወሬውን ያመጣው በሌላ መርከብ ላይ ሆኖ ያየ መርከበኛ ነው። የሟቹ ታናሽ ወንድም ደግሞ እዚሁ በእኛ ባቡር ላይ እሳት አንዳጅ ነበር፤ አንዱ ወንድም በባሕር፣ አንዱ በምድር ማለት ነው። ባለቤቴ ፈልጎ አገኘው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእሱ ወዳጅ፣ የእኔም የቤት ሰው ሆነ። እኔን «አባዮ» ይለኛል፤ በሶማልኛ እህቴ ማለቱ ነው። ባለቤቴን ግን ገና ከበር ጀምሮ «ዋርያ!» ነው፤ «አንተ ሰውዬ» እንደማለት።

ነገሩ የተጀመረው በስኳር ነው። ቀፊራ ገበያ ገዝቼ የመጣሁት ስኳር የተጠቀለለበት ወረቀት ከእንግሊዝ መጽሔት የተቀደደ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዞች ከተማችን በነበሩ ጊዜ አንብበው የጣሉት ሁሉ ለቀፊራ ሴቶች መጠቅለያ ሆኖ ነበር። ወረቀቱ ላይ የመርከብ ሥዕል አለ። ባለቤቴ ስኳሩን ሳህን ላይ ገልብጦ ወረቀቱን በመዳፉ አቃናው፤ ለረጅም ጊዜም አየው። ከዚያ በኋላ ገበያ በሄድኩ ቁጥር «መርከብ ያለበት ወረቀት ካለሽ በእሱ ጠቅልይልኝ» ማለት ሥራዬ ሆነ። አንዷ ሻጭ አንድ ቀን «አቦ፣ እናንተ ቤት የሚበላው ስኳሩ ነው ወረቀቱ?» አለችኝ።

ከእነዚያ ወረቀቶችና ኤደን ካየው ተነሥቶ ነገሩን አስረዳን። ከመጀመሪያው ታላቅ ጦርነት በኋላ ኃያላን መንግሥታት ተሰብስበው፣ የጦር መርከብ ከዚህ ክብደት አይለፍ ብለው ተዋዋሉ። ስለዚህ መሐንዲሶቹ አንድ ነገር ሲጨምሩ ሌላ ነገር መቀነስ ነበረባቸው። በባለቤቴ አስተያየት እንግሊዞቹ ከታች ቀንሰው ከላይ ጨመሩ። እሱ ደግሞ መድፉን ይቀንሳል፣ ክብደቱን ወደ ታች ያወርዳል፣ ወገቧን ሰፋ ያደርጋል፣ አንዱ ጋ የገባ ውሃ ሌላው ጋ እንዳይደርስ ሆዷን በግድግዳ ይከፋፍላል። «ክብደቷ ግን ያው መሆን አለበት፤ አለዚያ ማጭበርበር ነው» አለ።

ክብደት ሲባል ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። አባቴ መጋላ ሱቅ ነበረው፤ ሲዘጋው ሚዛኑን ለእኔ ሰጥቶኝ ነበር። እንዲህ ሆኜ ነው የኃያላን መንግሥታት ዳኛ የሆንኩት። መርከቧ ከዘይት ቆርቆሮ ትሠራለች፣ ከአሮጌ ቧንቧ የቀለጠ እርሳስ ከሥሯ ይደረጋል፣ በሚዛኔ ላይ ከኪሎ ተኩል ካለፈች ውድቅ ናት። ወዳጁ የባለቤቴን የሥራ ቆብ በግንባሩ ደፍቶ አድሚራል ይሆናል።

«ሁለት መድፍ ይጨመር!» ይላል ጉንጩን በጫት እንደወጠረ።

«ከየት አምጥቼ ጌታዬ? ውል አለብን» ይላል ባለቤቴ።

«ውሉን ማን ፈረመ?»

«አንተ ነሃ የፈረምከው!»

«እኔ? ወላሂ አልፈረምኩም። ያን ቀን ጫት ላይ ነበርኩ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ይለማመጣል። «አባዮ፣ ይችን አንዲት መድፍ እይልኝ። ዝንብ እኮ ናት፣ ምን ትመዝናለች?»

«ዝንቧ ሚዛኑን ደፍታዋለች፤ ትውረድ» እላለሁ።

«ሴት ዳኛ ባለበት እንዴት አድርገን ጦርነት እናሸንፋለን!» ብሎ ቆቡን ይወረውራል።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ ሌላም ነገር ነበረ። ሟቹ ወንድሙ በእኛ መርከብ ላይ በሕይወት ነበር። ማን እንደጀመረው አላስታውስም። ባለቤቴ አዲስ ግድግዳ በበየደ ቁጥር «አሁን ውሃው እዚህ ይቆማል፣ እሱ በዚህ በኩል ይወጣል» ይላል። ከወጣ በኋላም ታሪኩ ይቀጥላል፤ ጦርነቱ ያልቃል፣ የእሳት አንዳጆች አለቃ ይሆናል፣ እንግሊዝ አገር አንድ ወደብ አጠገብ ቤት ተከራይቶ ብርዱን ይራገማል። አንድ እሁድ ተማክረን ሚስት አጋባነው። ወዳጁ ከእኛ እኩል ይስቃል። ስቆ ሲያበቃ ግን የሻይ ብርጭቆውን አንሥቶ ሳይጠጣ ይይዘው ነበር። አየዋለሁ፤ ትኩስ ሆኖበት ነው ብዬ አልፈዋለሁ።

እንዲህ እያለ ዓመታት ሄዱ። በመካከሉ የናፍታ ባቡሮች መጡና እሳት ማንደድ ቀረ። ወዳጃችን ወደ ፍሬን ሥራ ተዛወረ። ለእንፋሎት ባቡሮቹ ውሃ ይጠራቀምበት የነበረው የሲሚንቶ ገንዳም ከሐዲዱ ዳር ሥራ ፈቶ ተቀመጠ። ባለቤቴ ገንዳውን ባየ ቁጥር ዓይኑ ይበራ ነበርና አንድ ቀን «እንሞክራት» አለ።

ወዳጁ የአድሚራል ቆቡን አወለቀ። «ትሰጥምና ታፍራለህ፣ ዋርያ» አለው።

«ካፈርኩ ልፈር።»

ፍርዱ እንዳይጓደል ብሎ ሁለተኛ መርከብ ሠራ፤ ይችኛዋን እንግሊዞች እንደሠሯት አድርጎ። መዘንኳቸው፤ እኩል ናቸው። በሁለቱም ጎን፣ በአንድ ዓይነት ቦታ፣ ሚስማር የሚያሳልፍ ቀዳዳ በስቶ በሰም ደፈነው። በተቀጠረው እሁድ ወሬውን የሰሙ ሠራተኞች ገንዳውን ከበው ጠበቁን፤ የአናጺዎቹ አለቃ የነበረው ግሪክ እንኳ ነጭ ባርኔጣውን አድርጎ መጥቷል።

መጀመሪያ የእንግሊዞቹ ገባች። ባለቤቴ ሰሙን አነሣው። ውሃ ሲገባባት ዘንበል አለች፣ ትንሽ እንደማሰብ አለች፣ ከዚያ ሆዷን ወደ ላይ ገልብጣ ወረደች። ከቆሙት አንዱ ሰው እንደሞተ ሁሉ «ኢንና ሊላሂ» አለ፤ ጓደኞቹ ሣቁበት።

ቀጥሎ የእኛዋ። እሷም ዘንበል አለች፤ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ዘንበል እንዳለች ግን ቆመች። ጠበቅን። ውሃው የገባበት ክፍል ውስጥ ተወስኖ ቀረ፤ እሷም አንድ ትከሻው ላይ ሸክም እንዳለበት ሰው ትንሽ ተጣማ፣ ውሃው ላይ ተንሳፋ ቀረች። ሠራተኞቹ አጨበጨቡ፣ ግሪኩ ባርኔጣውን አነሣ፣ አንዱ «አቦ ይሄ ሰውዬ ለንደን ይላክ!» ብሎ ጮኸ።

እኔ ወዳጃችንን በዓይኔ ፈለግሁት። ከገንዳው ጠርዝ ላይ ሁለት እጁን አድርጎ ውሃውን ያያል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ቆመች» አለ።

«ቆመች!» አለ ባለቤቴ፣ እጁ እስከ ክርኑ እንደራሰ።

«እንግዲያው ሊተርፍ ይችል ነበር።»

ባለቤቴ አሁንም እየሣቀ «ታዲያ በየሳምንቱ ምን እልሃለሁ!» አለው።

ወዳጁ ራሱን ነቀነቀ፤ ሐዲዱን ተሻግሮም ሄደ። ሻይ ሊያዝልን የሄደ መስሎን ጠበቅነው።

በሚቀጥለው እሁድ አልመጣም። ክረምት ነበርና ባለቤቴ «ደቻቱ ሞልቶ ነው» አለ፤ ወዳጁ የሚኖረው ከወንዙ ማዶ ነው። ዝናቡ አባርቶ፣ ልጆች ደቻቱ አሸዋ ላይ ኳስ ሲራገጡም አልመጣም። «አሁንስ ምን ሞላ?» ብለው ተነሥቶ ካዊያውን መጥረግ ያዘ። ሥራ ላይ ሲገናኙ ወዳጁ ሰላምታ ሰጥቶት ያልፋል። ባለቤቴ ቤቱ ድረስ ሲሄድ ተኝቷል ይባላል። ባለቤቴ ምን እንዳጠፋ አያውቅም ነበር። «ሰው ፊት ሣቅሁበት ይሆን?» ይለኛል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «መርከቧን እሱ በእጁ እንዲያስገባት ማድረግ ነበረብኝ ይሆን?» ቶሎ ወዳጅ የሚያበጅ ሰው አልነበረም። ያን ሰው ቢያጣ በምትኩ የሚያገኘው እንደሌለ አውቅ ነበርና ነጠላዬን ለብሼ ደቻቱን ተሻገርኩ።

ሽርጡን አገልድሞ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«አባዮ፣ እሱ ላከሽ?»

«እሱ ቢልከኝ እመጣ ነበር? ምን አድርጎህ ነው?»

«ምን ያደርገኛል። መርከብ ሠራ።»

«ለአንተ ብሎ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው መቆጣት ያቃተኝ።» በርጩማ አቀረበልኝና እስክቀመጥ ጠበቀ። «ስሚኝ። ሰው ሲሞትብን ቀኑ ደርሶ ነው እንላለን፣ እንቀብራለን፣ ወደየቤታችን እንገባለን። የእኔ ወንድም መቃብር የለውም። እኔ የቀበርኩት በዚያች ቃል ብቻ ነው፤ ቀኑ ደርሶ ነው። ባልሽ በየእሁዱ ያችን የመቃብር ድንጋይ ትንሽ ትንሽ ያነሣታል። ጨዋታ ነው ብዬ ዝም አልኩ። አልዋሽሽም፣ ደስም ይለኝ ነበር፤ ሚስት ስታጋቡት ሠርጉን ያየሁ መስሎኝ ነበር። ያን ቀን ግን መርከቧ ቆመች። ከዚያ ወዲህ ባቡር ላይ ሆኜ የማስበው አንዲት ግድግዳ ብቻ ነው። አንዲት ላሜራ። ለእሷ ሰስተው ነው ወንድሜ...»

ቤቴ ገብቼ ያለኝን እንዳለ ለባለቤቴ ነገርኩት። በረንዳው ላይ፣ መርከቧ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሰማኝ። «ብትሰጥም ይሻል ነበር» አለ። ከዚያ ቀዳዳዋን በጣቱ ዳሰሰና «ቀዳዳዎቹ እኩል አልነበሩም እለዋለሁ» አለኝ።

«እኩል አልነበሩም?»

«እኩል ነበሩ።»

«ታዲያ?»

«እሱ ግን አምኖ ይተኛበታል።»

በማግስቱ ከሥራ ሲወጣ አብረን ወዳጁ ቤት ሄድን። ባለቤቴ ገና ሳይቀመጥ «ያ ቀዳዳ እኮ...» ብሎ ጀመረ።

«ዋርያ!» አለው ወዳጁ። «አንተ ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላል። ይኸው ቀላ። ተቀመጥ።»

ተቀመጥን። ከዚያ ወዳጃችን፣ ድምፁን ከፍም ዝቅም ሳያደርግ፣ «ስለ መርከቧ ብረት ሁሉን ነግረኸኛል» አለ። «ውፍረቱን፣ ክብደቱን፣ የት ጋ እንደሳሳ። ከወንድሜ ጋር እዚያ ውስጥ ስትውሉ ግን ምን ያደርግ ነበር? ምን ይል ነበር? እሱን አንድ ቀን ነግረኸኝ ታውቃለህ?»

እውነት ነበር። በዚያ ሁሉ እሁድ ሰውየውን አዳንነው፣ ሾምነው፣ አጋባነው፤ ከአፉ የወጣ አንድ ቃል ግን እኔም ሰምቼ አላውቅም። ባለቤቴ ሟቹን ይወደው ነበር፤ መውደዱን ግን በካዊያ እንጂ በአፉ መናገር አይችልም ነበር።

«ዓሣ ያበስል ነበር» አለ በመጨረሻ።

«የት?»

«እዚያው። መርከቧ ስትጠገን አንደኛው ምድጃ አይጠፋም ነበር። ዓሣውን በሎሚና በሚጥሚጣ አሽቶ፣ በቆርቆሮ ጠቅልሎ፣ የእንፋሎት ቧንቧው ላይ ያስተኛዋል። አንድ ቀን የእንግሊዝ ሹም ወረደና አየሩን አሸተተ። ‹ይህ ሽታ ምንድን ነው?› አለ። ወንድምህ ቀጥ ብሎ ቆመና ‹ቧንቧው ነው ጌታዬ፤ ለዚህ እኮ ነው ልንጠገን የመጣነው› አለው። ሹሙ ‹በደንብ ጠግኑት› ብሎን ሄደ። እኛም ጠገንነው፣ እሾሁ ብቻ እስኪቀር።»

ወዳጃችን መሣቅ ጀመረ። ሣቁ ባለቤቴን አበረታው።

«የእንፋሎቱን ግፊት ሲጨምር ደግሞ የባቡር ጣቢያ ይጠራል። ቆጣሪውን እያየ ‹አዲጋላ!› ይላል፤ ትንሽ ሲወጣ ‹አይሻ!›፤ ‹ደወሌ!› ሲል ሞላ ማለት ነው። እንግሊዞቹም ለምደውት ‹ደወሌ ደርሰናል?› ብለው ይጠይቁት ነበር።»

«ያ የአባታችን ነገር ነው» አለ ወዳጁ። ዓይኑን በሽርጡ ጫፍ ጠረገ። «ልጆች ሆነን ጣቢያዎቹን በቃል ያስጠናን ነበር። እሱ ሁልጊዜ አይሻን ይረሳል፣ ሁልጊዜ ለእሷ ይቆነጠጣል።»

«መርከቧ ላይ ረስቷት አያውቅም» አለ ባለቤቴ።

ከዚያ በኋላ ወዳጃችን እሁድ እሁድ መምጣቱን ቀጠለ፤ መርከብ መሥራቱ ግን ቀረ። ባለቤቴ የእኛዋን ቆርጦ የላምባ መቅጃ አደረጋት፤ ሲቆርጣት አጠገቡ ነበርኩ፣ ቅር አላለውም። ሟቹም ከዚያ ወዲህ በጨዋታችን ሚስት አላገባም፣ እንግሊዝ አገርም አልከረመ። ሞቶ፣ ግን በቤታችን እየተነሣ፣ ዓሣ እያበሰለ ሹም እያታለለ ሲያስቀን ኖረ። ወዳጃችንም ሻዩን ይጠጣው ጀመር።

ባለቤቴ ያረፈው ባለፈው ዓመት ነው። ልቡን ነበር የሚያመው። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ሊያጽናናኝ ነበር የመጣው፤ ግን አንዷ «አዲስ አበባ ወስደሽው ቢሆን ኖሮ» ትላለች፣ ሌላው «ያን ጊዜ ጡረታ ቢወጣ ኖሮ» ይላል። እኔንም ይኸው ነገር ያዘኝ። ተቀምጬ ያለፉትን ወራት መልሼ እሠራቸው ጀመር። ቀደም ባለው ባቡር አሳፍረዋለሁ። ሐኪም እለውጥለታለሁ። ጠዋት ደክሞኛል ሲል ከቤት እንዳይወጣ በሩን እቆልፋለሁ። የሚያስፈራው፣ እያንዳንዱ መላ ይሠራል። በሐሳቤ ውስጥ በእያንዳንዱ ይድናል፤ እኔም ያላደረግሁትን እያወቅሁ እነሣለሁ።

ወዳጃችን በከዘራ እየተደገፈ መጥቶ ድንኳን ውስጥ ከአጠገቤ ተቀመጠ። አንዲት ዘመዴ ስለ አዲስ አበባው ሐኪም ቤት እያነሣች ነበር። ጥቂት ሰማትና «እናቴ፣ ይብቃ» አላት። «መርከብ አትሥሪባት።» ሴትዮዋ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ። እኔ ግን ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዬ ሲወርድ ተሰማኝ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አዲጋላ ላይ ስለ ግመሏ ነግሮሻል?»

አልነገረኝም።

«ግመሎች ሐዲድ ላይ ተኝተው ባቡሩ ቆመ። ባልሽ ከረቫቱን እንዳሰረ ወርዶ በጃንጥላው እሽ አላት አንዷን። ጃንጥላውን ከእጁ ወስዳ ማኘክ ጀመረች። ወላሂ፣ ጨርቁን ጨርሳ ብረቱን ተፋችው።»

«ጃንጥላዬን ተሰረቅሁ ብሎኝ ነበር!» አልኩ።

«ተሰርቋላ።»

ሣቄ አመለጠኝ። ሴቶቹ ዘወር ብለው አዩኝ፤ አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ፣ ግን አልቆመልኝም። ወዳጃችን ከዘራውን መሬት ላይ አስቀምጦ ወንበሩን ጠጋ አደረገ።

«ከግመሏ ባለቤት ጋር የተባባሉትን ደግሞ ቆይ ልንገርሽ» አለኝ። «አንድ ሶማሌ ሴትዮ ነበረች፣ ቁጡ...»